ተጨማሪ መረጃ፦ ቁጣ ሲያስቸግር ወደ ማን ይኬዳል?

«ደሙ ፈላ» የምንለው በከንቱ አይደለም፤ ስንቆጣ ልብ ይደልቃል፣ ፊት ይግላል፣ መንጋጋ ይገጥማል። መቆጣት በራሱ በሽታ አይደለም። ስኒ መወርወር ከተጀመረ፣ ልጆችም የአባታቸውን ኮቴ ሲሰሙ ጸጥ የሚሉ ከሆነ ግን ባለሙያ ማማከር ይገባል።

የሥነ አእምሮ ሐኪም መድኃኒት ማዘዝ ይችላል፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ የሚረዳው በንግግርና በልምምድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጠው አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ «አበደ እንዳልባል» ብሎ ደጁን የሚሸሸው ግን ብዙ ነው። በመጀመሪያው ቀጠሮ ባለሙያውን መጠየቅ ነውር የለውም፦ ምን ተማሩ? ቁጣ ያስቸገረውን ሰው ረድተው ያውቃሉ? ምስጢሬስ ይጠበቃል? «አይዞህ፣ ተረጋጋ» ብሎ ብቻ የሚሸኝ ከሆነ ሌላ መፈለግ ይሻላል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሬይመንድ ኖቫኮ በ1975 እ.ኤ.አ. ስለ ቁጣ ቁጥጥር መጽሐፍ አሳትሟል። ዛሬ በተለመደው ሕክምና ታካሚው የቁጣ ደብተር ይይዛል፤ ምን ሆነ፣ ምን አሰብኩ፣ ምን አደረግሁ ብሎ ይጽፋል። ለምሳሌ፦ «የታክሲው ረዳት መልሴን አዘገየ። ናቀኝ አልኩ። ጮኽኩበት።» ባለሙያው ጣቱን የሚያሳርፈው መካከለኛዋ ዐረፍተ ነገር ላይ ነው፦ በእርግጥ ንቆህ ነው ወይስ ዝርዝር አጥቶ?