ያልበደለ ኩዊክ ሊንክ

ባለ ማርሽ ሳይክል ካቴናው ተበጥሶበት ሠፈሩ ወዳለ ጠጋኝ የሄደ ሰው አንድ ምክር ሳይሰማ አይመለስም፦ «ወንድሜ፣ ይቺን ቆርቆሮ ተዋት፤ ፒኑን መልሼ ልምታልህና ተገላገል።» ቆርቆሮ የተባለችው ኩዊክ ሊንክ ናት። ሁለት ትናንሽ የጎን ላሜራዎች ናት፤ በእያንዳንዱ ላሜራ ላይ አንድ ፒንና አንድ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው በአንድ በኩል ሰፋ፣ በሌላው በኩል ጠበብ ይላል። ፒኑ በሰፊው በኩል ይገባና ካቴናው ሲወጠር ወደ ጠባቡ ጫፍ ተንሸራቶ ይቆለፋል። ከዚያ ወዲያ ፔዳል በተረገጠ ቁጥር ጉተታው ቁልፉን ያጠብቀዋል እንጂ አይከፍተውም። ለመክፈት ሁለቱን ፒኖች አንዱን ወደ ሌላው መግፋት ያስፈልጋል፤ የተወጠረ ካቴና ደግሞ የሚስበው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው።

የጠጋኙ ምክር መሠረት የለውም አልልም። ማርሽ በሌለው ሳይክል ሰፊ ካቴና ላይ ፒኑ ከላሜራው ወጣ ብሎ ስለሚታይ፣ ላሜራውም ወፍራም ስለሆነ፣ በመዶሻ አውጥቶ በመዶሻ መመለስ ለዓመታት ሠርቷል። የተለወጠው ካቴናው ነው። ከፒን እስከ ፒን ያለው ርቀት ዛሬም ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። የኋላ ጥርሶቹ ቁጥር በጨመረ መጠን ግን እየሳሳ የመጣው የካቴናው የውጭ ስፋት ነው፦ የባለ 8 ካቴና 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የባለ 12 ካቴና 5.3 ገደማ ደርሷል። በዚህ ጥበት ፒኑ ወጣ የሚልበት ቦታ የለም። ጫፉ ከላሜራው ጋር እኩል ሆኖ ፋብሪካ ውስጥ ተጨፍልቆ ይታሰራል። ተገፍቶ ሲወጣ ያ የተጨፈለቀው ጠርዝ ይቀደዳል፤ ሲመለስ የሚይዘው ሰበቃ ብቻ ነው። ማርሽ ሲቀየር ካቴናው በጎን ሲጠመዘዝ ላሜራው ከፒኑ ላይ ይላቀቃል። ለረጅም ጊዜ በፒን ማሰርን ይመርጥ የነበረው የሳይክል ዕቃ አምራች ሺማኖ እንኳ አሮጌውን ፒን መልሱ አይልም፤ መሪ ጫፉ ከገባ በኋላ የሚሰበር አዲስ ፒን ያቀርባል። እና «ሊንኩ በጠሰብኝ» የሚባለውን ካቴና ቀረብ ብሎ ያየ ሰው፣ ብዙ ጊዜ የተከፈተው ቀደም ሲል በመዶሻ የተመለሰ ፒን ሆኖ ያገኘዋል።

ካቴናው የሚሸከመውን ጉልበት መገመትም ይጠቅማል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው አቀበት ላይ ቆሞ መላ ክብደቱን በ170 ሚሊ ሜትር የፔዳል ክንድ ላይ ቢጥልና የፊቱ ጥርስ ባለ 32 ቢሆን፣ ካቴናው ላይ የሚያርፈው ጉተታ ወደ 180 ኪሎ ይጠጋል። የፊት ጥርሱ ባነሰ ቁጥር ጉተታው ይጨምራል። በትክክል የተመረጠች ሊንክ ይህን እንደማንኛውም የውጭ ላሜራ ትሸከማለች። በግማሽ የተያዘ ፒን ግን ይህን አይችልም።

«የእኔ ባለ 21 ማርሽ ነው»

መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ይህን ብሎ ሊንክ የጠየቀ ሰው የማይሆነውን ይዞ ቢወጣ አይገርምም። 21 የሚባለው የፊት 3 ጥርስ በኋላ 7 ሲባዛ ነው። ለካቴናም ለሊንክም የሚቆጠረው የኋላው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ያ ሳይክል ባለ 7 ነው፣ የሚስማማውም የ7/8 ሊንክ ነው። ባለ 24 የሚባለው ደግሞ ባለ 8 ነው። ሁለቱም ሰዎች ያንኑ ሊንክ ይገዛሉ ማለት ነው።

«ቀዳዳው ከገባ ምን ቸገረኝ» የሚለው የዚሁ ተረት ታናሽ ወንድም ነው። የፒኖቹ ርቀት በሁሉም አንድ ስለሆነ የባለ 9 ሊንክ ባለ 11 ካቴና ላይ ይገባል። ነገር ግን ፒኑ ስለሚረዝም ላሜራው ይላላል፣ ወደ ጎን ወጣ ብሎም አጠገቡ ያለውን ጥርስ ይነካል። በተገላቢጦሽ ጠባቧ ሊንክ በሰፊ ካቴና ላይ ወይ አልቆለፍ ትላለች፣ ወይ ቆልፋ መታጠፊያውን ታደርቀዋለች። ቁጥር መግጠሙም ሁልጊዜ አይበቃም። ስራም የተባለው አምራች እ.ኤ.አ. በ2019 ለመንገድ ሳይክል ያወጣው ላዩ ጠፍጣፋ ባለ 12 ካቴና የራሱን ሊንክ ብቻ ይቀበላል፤ የሌላ ባለ 12 ሊንክ አይሆነውም።

«አንዴ ከተከፈተ አለቀለት»፣ «ዕድሜ ልክ ይከፈታል»

ሁለቱም ይባላል፤ ሁለቱም በየሳይክሉ ግማሽ እውነት ነው። ስራም ለባለ 8ና ለባለ 9 የሚሠራት ፓወርሊንክ ተደጋግማ ትገጠማለች። ለባለ 10፣ 11ና 12 የሚሠራትን ፓወርሎክ ግን አንዴ ብቻ ግጠሙ ይላል። ሺማኖም ስለ ባለ 11ና ባለ 12 ሊንኮቹ ቃሉ ይኸው ነው። ሌላው አምራች ኬኤምሲ ሁለቱንም ዓይነት ስለሚሸጥ ማሸጊያውን ማንበብ ግድ ነው። ቪፐርማን የሚሠራት የኮኔክስ ሊንክ ደግሞ ያለ መሣሪያ በእጅ ትከፈታለች፣ ተደጋግማም ትገጠማለች። ልዩነቱ የሚመጣው ከቁልፉ ነው፤ በጠባቦቹ ሊንኮች ላይ ፒኑ በጣም ተጣብቦ ስለሚገባ በተከፈተ ቁጥር የያዘው ጠርዝ ይፋቃል።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ እየጠበቀ ለሚነዳ ሰው «አንዴ ተጠቅመህ ጣል» ማለት ይከብዳል፤ አውቃለሁ። መፍትሔው ግን ሊንኩን መለመን ሳይሆን አለመክፈት ነው። ካቴና ሳይወልቅ በብሩሽ ይታጠባል፣ ዘይትም እዚያው ይቀባል። በየሳምንቱ ፈትቶ ቤንዚን ውስጥ መዘፍዘፍ ሊንኩንም ፋብሪካ ያስገባውን ቅባትም ይጨርሳል። ለማንኛውም ስትቆለፍ ድምፅ ያላሰማች፣ በእጅ ብቻ ተንሸራታ የገባች የባለ 11 ወይም የባለ 12 ሊንክ ቦታዋ ቆሻሻ መጣያ ነው።

«በእጅ ከገባ ገብቷል»

ከተረቶቹ ሁሉ ጥርስ የሚያስወልቀው ይህ ነው፤ ቃል በቃል። በግማሽ የተቆለፈች ሊንክ ከሩቅ ስትታይ ከተቆለፈችው አትለይም። ሜዳ ላይ ትሄዳለች፤ አቀበቱ ላይ ተነስተው ሲቆሙ ትከፈትና ነጂው ከነደረቱ መሪው ላይ ይወድቃል።

አገጣጠሟ እንዲህ ነው። የካቴናው ሁለቱም ጫፎች በውስጥ ላሜራ፣ ማለትም በጠባቡ፣ ማለቅ አለባቸው። በፒን ሲታሰር አንዱ ጫፍ የውስጥ ሌላው የውጭ ስለነበር፣ ያንን የለመደ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳትና ርዝመቱ ይዛባበታል። አንዱን ግማሽ ከግራ፣ ሌላውን ከቀኝ አስገብቶ እስኪያያዙ ድረስ ጫፎቹን መሳብ፤ ከዚያ ሊንኩ በላይኛው መስመር ላይ፣ ከኋላና ከፊት ጥርስ መሐል እስክትመጣ ፔዳሉን ወደ ኋላ ማዞር። የኋላ ፍሬን ይያዝና ፔዳሉ ወደ ፊት በኃይል ይረገጣል። ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። መዶሻ አያስፈልግም። ከድምፁ በኋላም ዝቅ ብሎ፣ ሁለቱ ፒኖች የቀዳዳቸው ጠባብ ጫፍ ላይ መድረሳቸውን በዓይን ማየት ይገባል። ለመክፈት ደግሞ ሊንኩን ወደ ላላው የታችኛው መስመር አምጥቶ በሊንክ ፒንሳ መጭመቅ ነው፤ ፒንሳው ከሌለ ጠንካራ ሲባጎ በሁለቱ ጎን ሮለሮች ዙሪያ አዙሮ በኃይል መሳብ ይሠራል።

አቅጣጫ ያላቸውም አሉ። ቀስት የታተመባት እንደ ቀስቷ ትገጠማለች። የኮኔክስ ሊንክ ጎበጥ ያለው ጎኗ ወደ ውጭ፣ ከጥርሶቹ ርቆ መሆን አለበት፤ ተገልብጣ ከገባች ትንሿ የኋላ ጥርስ ላይ ትዘላለች።

«ከዘለለ ጥፋቱ የሊንኩ ነው»

አንዳንዴ። ፔዳሉን ቀስ ብሎ ወደ ኋላ እያዞሩ ሊንኩ በማርሽ መቀየሪያው ስር ስታልፍ ማየት ነው፤ እሷ ባለፈች ቁጥር ካቴናው ከነቀነቀ መታጠፊያዋ ደርቋል ወይም ተገልብጣ ገብታለች። ዝላዩ አንድ የተወሰነ ማርሽ ላይ ብቻ ከሆነ ግን ያረጀው ጥርሱ ወይም ካቴናው ነው፤ አዲስ ሊንክ አያድነውም። በማስመሪያ ይለካ፦ 24 ፒን ርቀት አዲስ ካቴና ላይ 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። በባለ 11ና ባለ 12 ላይ 1.5 ሚሊ ሜትር ከጨመረ፣ ከዚያ በታች ባሉት ላይ ከ2 ሚሊ ሜትር ጥቂት ካለፈ፣ ካቴናው ራሱ ይቀየራል።

መንገድ ላይ ለተበጠሰ ካቴና ኪስ ውስጥ የተቀመጠች ትክክለኛ ሊንክና ትንሽ የፒን ማውጫ ይበቃሉ። የተጎዳው የውጭ ላሜራ ከሆነ እሱ ወልቆ ሊንኩ በቦታው ትገባለች፣ ርዝመቱም አይለወጥም። የውስጡ ከተጎዳ ግን እሱና ግራና ቀኙ ያሉት የውጭ ላሜራዎች አብረው ስለሚወጡ ካቴናው በ25.4 ሚሊ ሜትር ያጥራል፤ ቤት እስኪደረስ የፊቱን ትልቅ ከኋላው ትልቅ ጋር አለማገናኘት ነው።