የዳንስ ቪዲዮ ጨዋታ፦ በጨዋታ ቤት ሳይሆን በመኖሪያ ቤት

በወረርሽኝ ወቅት ከቤት አለመውጣት የቫይረሱን ሥርጭት ቢገታም፣ ለረጅም ሰዓት መቀመጥ በራሱ ጤናን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ለሆኑ ልጆችና ወጣቶች ደግሞ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ የአካል እንቅስቃሴ ይመክራል። ይህን ለማሟላት የዳንስ ቪዲዮ ጨዋታ ሊረዳ ይችላል።

ከእነዚህ ጨዋታዎች በስፋት የሚታወቀው ዳንስ ዳንስ ሪቮሉሽን እ.ኤ.አ. በ1998 በጃፓኑ ኮናሚ ኩባንያ ቀረበ። ተጫዋቹ በስክሪኑ ላይ የሚወጡትን ቀስቶች እየተከተለ፣ ከእግሩ ሥር ያሉትን የአራት አቅጣጫ ምልክቶች ከሙዚቃው ምት ጋር ይረግጣል። ፍጥነቱ ሲጨምር የልብ ምቱና ትንፋሹም ይጨምራሉ።

ጠቃሚው እንቅስቃሴ ግን በጨዋታ ቤት ሲደረግ ለበሽታ ሊያጋልጥ ይችላል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ በኃይል የሚተነፍስ ሰው ቫይረሱ ካለበት ወደ ሌሎች በቀላሉ ያስተላልፋል፤ የመድረኩን መደገፊያ ብረትም ብዙ እጅ ይነካዋል። ስለሆነም ጨዋታውን በቤትዎ፣ አብረዋቸው ከሚኖሩ ቤተሰቦች ጋር ብቻ ይጫወቱ።

በሚጫወቱበት ጊዜ፦

• መስኮት ይክፈቱ፤
• የመርገጫው ምንጣፍ እንዳይንሸራተት ያረጋግጡ፣ በካልሲ አይጫወቱ፤
• በዝግተኛ ሙዚቃ ይጀምሩ፣ በየመካከሉ ይረፉ፣ ውኃ ይጠጡ፤
• ትኩሳት፣ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለብዎት አይጫወቱ፤
• የደረት ሕመም ወይም ማዞር ከተሰማዎት ወዲያውኑ አቁመው የሕክምና እርዳታ ይጠይቁ።

መሣሪያው ከሌለዎት በሚወዱት ዘፈን መጨፈር ይችላሉ፤ ጤናን የሚጠብቀው እንቅስቃሴው እንጂ መሣሪያው አይደለም።