ቀለም ያስይዛል ስለሚባለው አብሾና ስለ መድኃኒት ልክ

ለልጆቻችን ከምናስተምራቸው ነገር ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የመድኃኒት ነገር ነው። ልጅን ከእሳትና ከወንዝ ሙላት እናስጠነቅቀዋለን። በሰሜን ተራራዎች ግርጌ ለሚያድግ ልጅ ስለ ገደል መንገር እንኳ አያስፈልግም፤ በጨነቅ አፋፍ ላይ ቆሞ ቍልቍል ያየ ሁሉ ያውቀዋልና። በጓሮ የበቀለው ቅጠልና በሣጥን የተቀመጠው ክኒን ግን ገደልነታቸው ለዓይን አይታይም፤ ስለዚህ ካልተነገረው በቀር ልጅ ሊያውቀው አይችልም።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን አንድ በደባርቅ የሚኖር የቤት አባት ነው። ጉዳዩን ጨርሶ ከፍርድ ቤቱ ከወጣ በኋላ ወደ ጐን ጠራንና «እርስዎ በቆሎ ተማሪነት ያለፉ ነዎትና አይደብቁኝ፤ ልጄ የ12ኛ ክፍል ፈተና ደርሶበታል፤ ሌሊት ሲያጠና አድሮ ጧት ሁሉ ይጠፋበታል፤ አብሾ ቢጠጣ ቀለሙ አይለቀውም ብለውኛል፤ ምን ይሉኛል?» ሲል ጠየቀን። ይህ አባት ልጁን የሚጠላ ሰው አይደለም፤ የሚጠላውማ ቢሆን ፈተናው ባላስጨነቀው ነበር። ከወደደ ልብ የሚመጣ ስሕተት ግን ከጠላት ተንኰል ይልቅ ለመከላከል ያስቸግራል።

ከመመለሳችን በፊት አንድ የልጅነት ጓደኛ ትዝ አለን። ዜማ በተማርንበት ደብር በአንድ ጎጆ አብሮን የሚያድር፣ ለምኖ ያገኘውን ቍራሽ ሳያካፍል የማይበላ ተማሪ ነበረ፤ ነገር ግን ቀለም ለመያዝ ይዘገይ ነበር። አንድ ቀን ከእኛ ተሰውሮ አብሾ ጠጣ። በዚያው ሌሊት ፊቱ ቀላ፣ አፉ ደረቀ፣ የዓይኑ ብሌን ሰፋ፤ በባዶ አየር ላይ ዝንብ እንደሚይዝ ሰው እጁን ይወረውር፣ ከሌለ ሰውም ጋራ ይከራከር ጀመር። ገደል እንዳይገባ ሦስት ቀን በየተራ ጠበቅነው። በተረጋጋ ጊዜ የሆነውን ሁሉ አላስታወሰም፤ ያ ሁሉ መከራም አንዲት ሃሌታ አልጨመረለትም። እፍረቱን መሸከም አቅቶት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ትምህርቱን ትቶ ሄደ። እኛም ለመምህሩ ሳንነግር ዝም አልን፤ ነውሩ የእርሱ መስሎን ነበር። ዛሬ ስናስበው ግን ዝምታው የእኛ ነውር ነበር።

አብሾ የሚጠመቅበት ተክል አስተናግር ወይም አጤ ፋሪስ የሚባለው ነው። በመንገድ ዳርና በቤት ጓሮ የሚበቅል፣ መለከት የመሰለ አበባና እሾሃም ፍሬ ያለው ነው። የጠጣውን ሰው ሳይወድ የሚያስለፈልፍ ስለ ሆነ፣ አስተናግር የሚለው ስሙ ራሱ ለአስተዋይ ሰው ማስጠንቀቂያ ነው። በውስጡ ያሉት ኃይለኛ ነገሮች አትሮፒንና ስኮፖላሚን ይባላሉ። ብዛታቸውም በአንዱ ተክልና በጐረቤቱ፣ በፍሬውና በቅጠሉ አንድ ስላልሆነ፣ በእፍኝና በጣት የሚሰፍር ሰው ምን ያህል እንደ ሰፈረ አያውቅም። ዓምና የጠጣ ሰው ስለ ዳነ ዘንድሮ የሚጠጣውም ይድናል ማለት አይቻልም፤ ልብን እጅግ ከማፋጠኑና ትኵሳት ከማስነሣቱ የተነሣ ሰው ይሞትበታልና።

ይህን ስንል ተክሉ ክፉ ብቻ ነው ማለታችን አይደለም። ጋይገርና ሄሴ የተባሉት የጀርመን ሊቃውንት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1833 አትሮፒንን ከሌላ ዘመዱ፣ ቤላዶና ከሚባለው ተክል ለይተው አወጡ። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞች ልብ ከልክ በላይ ሲዘገይ፣ ገበሬም በአንዳንድ የፀረ ተባይ ኬሚካል ሲመረዝ በመርፌ ይሰጡታል፤ የዓይን ሐኪምም ብሌን አስፍቶ ለመመርመር ይጠቀምበታል። ነገር ግን የሚሰፈረው በሚሊግራም ነው፤ ሰጪውም በሽተኛውን አጠገቡ ቆሞ ይጠብቀዋል። እንግዲህ መድኃኒትንና መርዝን የሚለያያቸው ልኩ፣ ምክንያቱና የሚሰጠው ሰው ዕውቀት ነው።

ስለ ስኮፖላሚን ደግሞ አባቶች ሁሉ ሊያውቁት የሚገባ ታሪክ አለ። በጀርመን አገር በፍራይቡርግ ከተማ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ ሐኪሞች ይህንኑ ነገር ከሞርፊን ጋራ ምጥ ለያዛቸው ሴቶች ይሰጡ ነበር። የሚሰጡትም እናቲቱ ምጧን እንዳታስታውስ ብለው ነበር፤ ስሙንም የድንግዝግዝ እንቅልፍ ብለውት ነበር። ለእናትም ለሕፃንም የማይበጅ ሆኖ ስለ ተገኘ በኋላ ተተወ። ሐኪም ሰውን ለማስረሳት የሰጠውን፣ የእኛ ተማሪ ለማስታወስ ብሎ ይጠጣዋል። ከዚህ የበለጠ የሚያሳዝን ነገር ምን አለ?

ታዲያ እምነቱ ስለ ምን ጸና ቢባል፣ ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። የጠጣው ልጅ በለፈለፈ ጊዜ ቀድሞ የተማረውን ሁሉ ያለ ማቋረጥ ያወርደዋል፤ ሰሚውም አዲስ ዕውቀት ይመስለዋል። ከጠጡትም መካከል አንዱ በተፈጥሮው ብልህ ሆኖ መምህር ቢሆን፣ በአብሾ ነው ይባልለታል። አእምሮው ተናግቶ በየገበያው የቀረው ግን በማንም አይቈጠርም።

አባቶቻችን ልክ የማያውቁ አልነበሩም። በሰሜን ደጋ የሚበቅለውን ኮሶ እንመልከት። ጀምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው በ1762 ዓ.ም. በሊማሊሞና በደባርቅ በኩል አልፎ ጐንደር ገብቶ ነበር፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1790 ባሳተመው መጽሐፉም ስለ ኮሶ ጻፈ። በማግሥቱ ዓመት ግሜሊን የተባለው ሊቅ ዛፉን በሐገን ስም ሰየመው፤ ሐገንም በኮኒግስበርግ ከተማ የመድኃኒት ቀማሚ ነበረ። ኮሶን አገራችን የምትጠጣው ለኮሶ ትል እንጂ ለሌላ አልነበረም፤ ጧት በባዶ ሆድ ይጠጣል፣ በዚያ ቀን ሥራ አይሠራም፣ እርጉዝ ሴትም አትጠጣውም። ልኩን ያላወቀ ሰው ግን ዓይኑን እስከ ማጣት፣ እስከ መሞትም ደርሶበታል። ዛሬ ለዚሁ ትል በልክ የተሠሩ ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል የሚባሉ ክኒኖች አሉ።

በዘመናችንም ልክ ማጣት መልኩን ለውጦ ይገኛል። ተማሪ ለፈተና እነቃለሁ ብሎ ጫት ይቅማል፤ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን እንቅልፍ ያባርራል፤ ነገር ግን የተጠናው ትምህርት በአእምሮ የሚረጋው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። ሌላው ለጕንፋን አንቲባዮቲክ ገዝቶ ይውጣል፤ አንቲባዮቲክ ግን የጕንፋንን ቫይረስ አይገድልም። ሌላውም ለሚገባው ሕመም ታዞለት ሳለ፣ ሲሻለው ግማሹን ይተዋል። ፔኒሲሊንን ያገኘው ፍሌሚንግ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1945 የኖቤልን ሽልማት ሲቀበል፣ መድኃኒቱን ከልክ በታች መውሰድ ጀርሙን እንደሚያለማምደው አስጠንቅቆ ነበር። መጠጥንና ትምባሆን በሚመለከት፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው እንዳይሸጥ ከልክሏል። ዐዋጅ ግን የሱቅን ደጃፍ ይጠብቃል እንጂ የቤትን ጓዳ የሚጠብቁት አባትና እናት ናቸው።

ለልጆች ስናስተምር ከጥቅሙ እንጀምር። በማስፈራራት ብቻ የተነገረው ልጅ፣ አንዱ ዛቻ ውሸት ሆኖ ባገኘው ቀን እውነተኛውንም አያምንም። ማንኛውንም ቅጠል ወይም ክኒን ወደ አፉ ከማቅረቡ በፊት አራት ነገር እንዲጠይቅ እናስለምደው፤ ስሙ ማን ነው? ለምን በሽታ ነው? ልኩ ስንት ነው? የሰጠኝስ ሰው ያውቀዋልን? ከአራቱ አንዱ መልስ ካጣ ይተወው። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ቢሳሳት ወይም ጓደኛው ቢሳሳት ሳይፈራ እንዲነግረን ደጃችንን ክፍት እናድርግ። የተመረዘ ልጅ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ሊወሰድ ይገባዋል፤ ቍጣችንን የሚፈራ ልጅ ግን ያን ጊዜ በዝምታ ያሳልፈዋል።

ለደባርቁ አባት የሰጠነው መልስ አጭር ነበር። «ወንድሜ፣ ልጅዎ የጐደለው አብሾ አይደለም፣ እንቅልፍ ነው። በጊዜ ይተኛ፤ ጧት ተነሥቶ ያነበበውን ለእርስዎ በቃሉ ይንገርዎ፤ ከጓደኞቹም ጋራ እየተጠያየቀ ይቀጽል። የቆሎ ተማሪ ሁሉ ቀለም የያዘው በዚህ ነው» አልነው። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «እኔ እኮ ማንበብ አላውቅም» አለ። እኛም «ስሕተቱን ባያውቁ፣ መስማትዎ ይበቃዋል» አልነው።

ክቡራን አንባቢዎቻችንም፣ ዛሬ ማታ ልጆችዎን በአጠገብዎ አስቀምጠው ስለዚህ ነገር ጥቂት ቃል ይንገሯቸው። እኛ በጎጆአችን ያልተናገርነውን ቃል እናንተ በቤታችሁ ብትናገሩት፣ ያ ጓደኛችን በከንቱ አልተጐዳም ማለት ነው።