ልክህን ሜትር ይንገርህ

ልብስ ሰፊ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለውን ለስላሳ ሜትር የማያውቅ የለም። ርዝመቱ 150 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በጀርባው እስከ 60 የሚቆጠር ኢንች አለው። ስለ መልኩ ይህ ይበቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ውለታው ነው፤ በተለይ ኪሎ ቀንሶ ልብስ ሊገዛ ለወጣ ሰው የሚውለው ውለታ።

ሐኪም ስኳሬ ከፍ ማለቱን ከነገረኝ በኋላ በአንድ ዓመት ከአራት ወር 27 ኪሎ ቀነስኩ። ጎረቤት «ምነው ከሳህ? ደህና ነህ ወይ?» ሲለኝ መልስ ነበረኝ። መልስ ያጣሁት ልብስ ቤት ውስጥ ሻጩ «ስንት ቁጥር ላውጣልህ ወንድሜ?» ሲለኝ ነው። ዘመኑን ሁሉ «በአንተ ልክ የለንም» ሲባል የኖረ ሰው፣ ሰውነቱ ቢቀንስም እግሩ ወደ ትልልቁ መስቀያ ይወስደዋል። እኔንም ወሰደኝና የለመድኩትን 58 ቁጥር ኮት ገዛሁ። የትከሻው ስፌት ክንዴ ላይ ወርዶ ነበር፤ ሻጩ ግን «ይጠባል፣ ቀላል ነው» አለኝ።

በማግስቱ ለሰፈራችን ልብስ ሰፊ ወሰድኩላቸው። ኮቱን ሳያዩ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱ። «እጅህን ልቀቅ፤ ሆድህን አትሳብ፤ እንደ ልማድህ ተንፍስ» አሉኝ። ሜትሩን በብብቴ ሥር አዞሩት፤ ጀርባዬ ላይ እንዳልወረደ በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ አንድ ጣታቸውን ከሥሩ አስገብተው ደረቴ ላይ ገጠሙት። «መቶ» አሉ። «50 ቁጥር ነህ ማለት ነው፤ ይህንን ኮት ማን ግዛ አለህ?»

ያን ዕለት የተማርኩትን ብዙ ሰው ስለማያውቀው ዘርዘር አድርጌ ልናገር። ገበያችን ውስጥ 48፣ 50፣ 52 ተብሎ የሚሸጠው የወንድ ኮት ቁጥር የደረት ዙሪያ እኩሌታ ነው። ደረትህ 100 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 50፣ 108 ከሆነ 54። ሱሪ ላይ የሚጻፈው 32 ወይም 34 ደግሞ ኢንች ነው፤ አንዱ ኢንች 2.54 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ 34 ማለት ወደ 86 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። እንደዚያም ሆኖ ብዙ ፋብሪካ ገዢው ደስ እንዲለው ከጻፈው አስፍቶ ይሰፋል። «ከ36 ወደ 34 ወረድኩ» ብሎ የሚደሰት ሰው የወረደው እሱ ይሁን ወይስ የፋብሪካው ቁጥር፣ በሜትር ሳይለካ አያውቅም።

የሴቶቹ ይብሳል። የጀርመን 38፣ የፈረንሳይ 40 እና የጣሊያን 44 የአንዲት ሴት ልክ ናቸው። እህቴ በአንድ ቀን ሦስቱንም ለብሳ ሦስቱም ልኳ ሲሆኑ፣ 44ቱን «ወፍሬ ነው» ብላ መለሰችው። ጨርቁ ገጥሟት ሳለ ቁጥሩ አስለቀሳት። አሜሪካኖች ይህን ዝብርቅርቅ ሊያስተካክሉ እ.ኤ.አ. በ1939 እና 1940 ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ሴቶችን ለክተው ነበር። በዚያ ላይ ተመሥርቶ በ1958 የወጣው የልክ ደረጃ በ1983 ተሻረ፤ ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ድርጅት በፈለገው ቁጥር ይሰፋል። እንግዲህ አንገትጌ ላይ የተሰፋች ቁራጭ ጨርቅ በምን ሥልጣኗ ሰውን ታስለቅሳለች? ጋቢና ኩታ ቁጥር ሳይኖራቸው ወፍራሙንም ቀጭኑንም አክብረው አልብሰው የለም ወይ?

ሜትር ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰልባጅ ተራ ነው። እዚያ የጣሊያኑ፣ የአሜሪካኑና የኮሪያው ልብስ አንድ ክምር ውስጥ ነው፤ መለኪያ ክፍልም የለም። ሸሚዙን ቆልፈህ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርጋው፤ ከብብት እስከ ብብት ለካ፤ በሁለት አባዛ። 54 ካገኘህ ዙሪያው 108 ነው፤ ደረቱ መቶ ለሆነ ሰው 8 ሳንቲ ሜትር የመተንፈሻ ቦታ ይተርፈዋል። ለጥሩ ሸሚዝ ይህ ደህና ልክ ነው።

ደግሞም እባካችሁ በጃኬት ላይ አትለኩ። ትንሽ ቁጥር ለማግኘት ሜትሩን አታጥብቁ፤ በኋላ የሚያስጨንቃችሁ ልብሱ ነው። የቆየ የጨርቅ ሜትር እየተለጠጠ ስለሚሄድ አልፎ አልፎ ከብረት ማስመሪያ ጋር አስተያዩት። «ስቀንስ እለብሰዋለሁ» ብላችሁም አትግዙ፤ ዛሬ ያላችሁበት ሰውነት ዛሬ መልበስ አለበት።

«ይጠባል» የሚለውንም ሻጭ ሙሉ በሙሉ አትመኑት። ወገብ ይጠባል፤ እጅጌና እግር ያጥራል። ሱሪ ግን ከአምስት ሳንቲ ሜትር በላይ ከጠበበ የኋላ ኪሶቹ መሐል ላይ ተጠጋግተው ቅርጹ ይበላሻል። የኮት ትከሻ ለማጥበብ እጅጌውን ነቅሎ እንደ አዲስ መሥራት ይጠይቃል፤ ወጪውም ድካሙም ለሌላ ኮት ይበቃል። ስለዚህ ኮት ሲመረጥ መጀመሪያ የሚታየው ትከሻ ነው፤ ስፌቱ አጥንታችሁ በሚያልቅበት ማለቅ አለበት።

ሜትር ከመለመዱ በፊት የአውሮፓ ልብስ ሰፊዎች ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ የሆነ የወረቀት ወይም የብራና ቅዳጅ ነበራቸው። ደረቱንም ክንዱንም በዚያች ቅዳጅ ለክተው ጠርዟ ላይ ምልክት ይቆርጣሉ። ቁጥር የለም፤ ከማንም ጋር መወዳደርም የለም። በእኛ ቋንቋ «ልክ» ስንል መጠንም ትክክልም ማለታችን ደስ ይለኛል፤ በልኩ የለበሰ ሰው፣ ልኩ የትም ይሁን የት፣ ልክ ነው።

ያ 58 ቁጥር ኮት ከእኔ ጋር አልቆየም። የባለቤቴ ወንድም ሊጠይቀን የመጣ ቀን፣ ልብስ ሰፊው እንዳሳዩኝ አንድ ጣቴን ከሜትሩ ሥር አስገብቼ ደረቱን ለካሁት። 116 መጣ። ኮቱን ሳለብሰው ትከሻው ልክ አጥንቱ ላይ አረፈ።