ፎርማት ከመባሉ በፊት

ላፕቶፕ አልነሳ ሲል በአማራ ክልል ከጅጋ እስከ ቡሬ ቀድሞ የሚሰማው ቃል «ፎርማት ይደረግ» ነው። መምህሩ የተማሪዎቹን ማርክ፣ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቡሬ ግቢ ተማሪ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፉን የያዘች ማሽን ተሸክሞ ጥገና ቤት ሲደርስ፣ ገና ክዳኗ ሳይገለጥ አዲስ ዊንዶውስ ስለመጫን ይወራል። ፎርማት ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜም ማሽኑን ያስነሳል። ክፋቱ ውስጡ ያለውን ሁሉ ጠርጎ መሄዱ ነው። እኛ አካባቢ ደግሞ ፋይል ሌላ ቦታ ተቀምጦ የመገኘት ዕድሉ ጠባብ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲዘልቅ፣ ኢንተርኔት ላይ ቅጂ ማስቀመጥ ለብዙው ሰው የማይታሰብ ሆኖ ነበር። ስለዚህ ከፎርማት በፊት አንድ ጥያቄ መቅደም አለበት ብዬ አምናለሁ፦ ማሽኑ የቆመው የት ላይ ነው?

ላፕቶፕ ሲነሳ የሚያልፍበት ቅደም ተከተል አለው። ማብሪያው ሲጫን መጀመሪያ ማዘርቦርዱ ኃይል ያገኛል። ቀጥሎ ባዮስ የሚባለው፣ ማዘርቦርዱ ላይ ባለች አንዲት ቺፕ ውስጥ የሚኖር ትንሽ ፕሮግራም፣ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ ስክሪኑንና ኪቦርዱን ይፈትሻል። ሁሉም ደህና ከሆነ የአምራቹ ምልክት ይወጣል። ከዚያ ዲስኩን ፈልጎ ዊንዶውስን ይጠራል። ዊንዶውስ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። የአምራቹን ምልክት እንኳ ባላሳየ ላፕቶፕ ላይ ፎርማት ማሰብ ትርጉም የለውም፤ ዊንዶውሱ ገና ተራው አልደረሰም።

ጭራሽ መብራት የማይታይበት ከሆነ ነገሩ ከኃይል ነው። ቻርጀሩ ከግድግዳው 220 ቮልት ተቀብሎ ለአብዛኞቹ ላፕቶፖች ወደ 19 ቮልት ገደማ ያወርዳል፤ ትክክለኛው ቁጥር ጀርባው ላይ ተጽፏል። በሌላ ቻርጀር መሞከር ጥሩ ነው፤ ግን ቮልቱ እኩል፣ አምፒሩም ከቀድሞው የማያንስ መሆን አለበት። ሶኬቱ ስለገባ ብቻ ይሆናል ማለት አይደለም። ቻርጀሩ ደህና ከሆነ ደግሞ አንድ ምንም የማያስወጣ ሙከራ አለ። ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ ባትሪው የሚወጣ ዓይነት ከሆነ ያውጡት፤ ከዚያ ማብሪያውን ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይቆዩ። ማዘርቦርዱ ላይ ታምቆ የቀረው ኤሌክትሪክ ሲፈስስ፣ ሞተ የተባለው ማሽን የሚነሳበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የክረምት ነጎድጓድ ሲጀምር ወይም መብራት ሄዶ ሊመጣ ሲል ቻርጀሩን ከሶኬት መንቀል ግን ከዚህ ሁሉ ይሻላል።

መብራቱ በርቶ፣ ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ፣ በስልክ ባትሪ ስክሪኑን በጎን በኩል ያብሩበት። ደብዛዛ ምስል ከታየ ማሽኑ ተነስቷል፤ የጠፋው የስክሪኑ የጀርባ ብርሃን ነው። በኤችዲኤምአይ ገመድ ቴሌቪዥን ላይ ቢሰካ ይታያል። ቴሌቪዥኑም ላይ ምንም ከሌለ ጥርጣሬው ወደ ራም ይዞራል። ጩኸቱን ያዳምጡ፤ መብራቱንም ይዩ። አንዳንዱ ማሽን በቢፕ ድምፅ፣ ኤችፒ ብዙ ጊዜ የካፕስ ሎክን መብራት ብልጭ ድርግም በማድረግ፣ ዴል ደግሞ በብርቱካናማና በነጭ ብልጭታ የቱ ክፍል እንደታመመ ይናገራል። ብልጭታውን ቆጥሮ በወረቀት ላይ ጽፎ ለጠጋኝ የሚሰጥ ሰው ግማሹን ሥራ ሠርቶለታል።

የራም ጥገናን ቆሞ ማየት ደስ ይላል። ባለሙያው የታችኛውን ክዳን ፈትቶ መጀመሪያ ባትሪውን ከማዘርቦርዱ ይነቅላል። ግራና ቀኝ የያዙትን ሁለት ትንንሽ ብረቶች በጣቱ ወደ ውጭ ገፋ ሲያደርጋቸው፣ ራሙ በራሱ ወደ ላይ ብድግ ይላል። ወርቃማ ጥርሶቹን በእርሳስ ላጲስ በቀስታ ይፈትጋል፤ ፍርፋሪውን በብሩሽ ይጠርጋል፤ ከዚያ አዘንብሎ አስገብቶ ቀጭ እስኪል ይጫነዋል። ከመንገድ የሚነሳው አቧራ፣ በውቂያ ጊዜ የሚበተነው ገለባ፣ የክረምቱ እርጥበት ተጨማምረው እነዚያን ጥርሶች ያደበዝዟቸዋል። ፋኑንም ያፍኑታል።

የአምራቹ ምልክት ወጥቶ «የሚነሳበት ዲስክ የለም» የሚል የእንግሊዝኛ መልእክት ከመጣ በመጀመሪያ ጎኑን ይመልከቱ፤ ተረስቶ የቀረ ፍላሽ ብቻውን ይህን ያደርጋል። በብዙ ላፕቶፖች ውስጥ ያለችው የሳንቲም መጠን ያላት ባለ 3 ቮልት ባትሪ ስታልቅም ባዮስ ማስተካከያውን ይረሳል፤ ምልክቱ ቀኑ ወደ ኋላ መመለሱ ነው። ቀኑ በተዛባ ማሽን ደግሞ ብዙ ድረ ገጽ አልከፈትም ይላል። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ግን ወዲያው ያጥፉት። እንደዚያ የሚል ዲስክ ደጋግሞ በተነሳ ቁጥር ፋይሉን ማዳን እየከበደ ይሄዳል።

ይህን ሁሉ አልፎ ዊንዶውስ ላይ የሚቆም ማሽንም አለ። የዚህ ዋና ምክንያት እኛ ዘንድ የደከመ ባትሪ ይመስለኛል። ጤነኛ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ መብራት ቢሄድ አይሰማውም። ባትሪው የሞተበት ግን መብራት በሄደ ቁጥር ድርግም ይላል። ዊንዶውስ አፕዴት እያደረገ ሳለ ከጠፋበት፣ ጣሪያው ተነስቶ ሳይከደን ዝናብ የመጣበት ቤት ይሆናል። ባትሪ መቀየር ቅንጦት የሚመስላቸው አሉ፤ እኔ ግን መብራት በሚሄድበት አገር የመጀመሪያው ጥገና እሱ ነው እላለሁ።

ዊንዶውስ ሁለት ሦስት ጊዜ ተከታትሎ መነሳት ሲያቅተው የራሱን የጥገና ገጽ ያመጣል። እዚያ ውስጥ ሴፍ ሞድ አለ፤ በጣም አስፈላጊ የሆኑትን ፕሮግራሞች ብቻ ይዞ የሚነሳበት መንገድ ነው። ሲስተሙን ከመታመሙ በፊት ወደነበረበት ቀን የሚመልስ ምርጫም አለ፤ የግል ፋይል አይነካም። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያ በላከው ስህተት ያለበት አፕዴት 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ማሽኖች ሰማያዊ ስክሪን ላይ ቀርተው፣ በየአገሩ አውሮፕላኖች ከበረራ ታግደው ነበር። መድኃኒቱ ማሽኑን በሴፍ ሞድ አስነስቶ አንድ ፋይል ማጥፋት ነበር። ፎርማት አላስፈለገም።

ዊንዶውሱ በእርግጥ የማይመለስ ሆኖ ሲገኝ ፋይሉ አስቀድሞ ይውጣ። ኡቡንቱ የተባለው ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በተጫነበት ፍላሽ ማሽኑን አስነስቶ ፋይሉን ወደ ሌላ ዲስክ መቅዳት ይቻላል፤ ወይም ዲስኩ ተፈትቶ በዩኤስቢ ኬዝ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሰካል። እዚህ ላይ እንቅፋት የሚሆነው ቢትሎከር የተባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ነው። በአንዳንድ ማሽኖች ላይ ባለቤቱ ሳያውቅ ዲስኩን ቆልፎ ይቆያል፤ የባዮስ ማስተካከያ ሲነካ ደግሞ ባለ 48 አሃዝ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩ ከሌለ ፋይሉን ማንም ጠጋኝ አያወጣውም። ማሽኑ ጤነኛ ሳለ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ቢትሎከር መብራት አለመብራቱን ማየት፣ ከበራም ቁጥሩን ገልብጦ ከላፕቶፑ ውጭ ማስቀመጥ ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል። ሁለተኛ እጅ የሚገዛም ሰው ይህን ሳያጣራ ሥራውን እዚያ ላይ አይጀምር።