ክኒን የማያበርደው ሽፍታ



ሰውነት በሽፍታ ሲወረር «ምች ነው»፣ «ዓይን ነው» እንላለን፤ ያልሆነም እንደሆነ የአለርጂ ክኒን እንውጣለን። ፈረንሳዊቷ የቆዳ ሐኪም ሊሊያን ሽኒትዝለር እ.ኤ.አ. በ1972 የገለጹት ሕመም ግን በዚህ ክኒን አይበርድም። ሽፍታው ለዓመታት ይመላለሳል፤ የሚገርመው እምብዛም አያሳክክም። ትኩሳትና የአጥንት ሕመም አብረውት ይመጣሉ። ሐኪሙን የሚያነቃው የደም ምርመራ ነው፤ አይጂኤም የተባለው ፕሮቲን ባልተለመደ ሁኔታ ይገኛል።

ነገሩ የሰውነት መከላከያ ያለ ጠላት መቆጣቱ ነው። ኢንተርሉኪን-1 የተባለው ቁጣ ቀስቃሽ ከልክ ያልፋል። አናኪንራ የተባለው መድኃኒት ይህንኑ ይገታል፤ በየቀኑ ከቆዳ ሥር ይወጋል። ብዙዎች በቀናት ውስጥ ይሻላቸዋል፤ ሲቋረጥ ግን ይመለሳል። ከጊዜ በኋላ በአንዳንዶች ላይ የደም ካንሰር ሊያስከትል ስለሚችል፣ የተሻለውም ሰው ከክትትል መቅረት የለበትም።

በረመዳንስ? ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ለምግብነት ያልሆነ መርፌ ጾም እንደማያፈርስ ወስኗል። ትኩሳቱ የበረታበት ደግሞ አላህ ለሕመምተኛ የሰጠው ፈቃድ አለው፤ ቀኑን በኋላ ያወጣል። ሩቃ የሚያስቀራም ከሐኪም ቤት አይቅር።