ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሆኖ ዩኒቨርሲቲ መማር፦ ለሰላ ድንጋይ ተማሪዎች

ሰሞኑን ከሰላ ድንጋይ ተማሪዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ በውስጥ መስመር ይደርሰኛል። አሜሪካ ያሉ የዘመድ ልጆች ገና 11ኛ ክፍል ሆነው በክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ኮርስ እንደሚወስዱ ሰምታችኋል፤ «እኛስ እንችላለን ወይ?» ትሉኛላችሁ። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ እዚሁ ብጽፈው ይሻላል።

የሰማችሁት እውነት ነው። የእህቴ ልጅ ሚኒሶታ ውስጥ በዚሁ መንገድ እየተማረች ነው። ሚኒሶታ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣችው ሕግ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ኮሌጅ ገብቶ መማር ይችላል፤ የትምህርቱንም የመጽሐፉንም ወጪ የሚሸፍነው የግዛቱ መንግሥት ነው። ኮርሱ ሁለት ቦታ ይቆጠርለታል፤ ሁለተኛ ደረጃን ለመጨረስም፣ በኋላ ለሚይዘው ዲግሪም። የግድ የመንግሥት ኮሌጅ መሆን የለበትም፤ ሴንት ፖል ያለው ኖርዝዌስተርንና ክራውን ኮሌጅ የሚባለው የክርስቲያን ተቋማት ሆነው በዚሁ ሕግ ተማሪ ይቀበላሉ። ሁለቱም ግቢ ገብቶ የሚማር ልጅ የእምነት መግለጫ እንዲፈርም ይጠይቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የግዛቱ ምክር ቤት ይህን መጠየቅ ከለከለ፤ ተቋማቱና ወላጆች ተያይዘው ከሰሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የፌዴራል ፍርድ ቤት ለእነሱ ፈረደ። ስለዚህ ዘመዶቻችሁ የኦርቶዶክስ ልጆች ከሆኑ፣ ከመፈረማቸው በፊት መግለጫውን ከወላጆቻቸውና ከንስሐ አባታቸው ጋር ቁጭ ብለው ያንብቡት። አንድ ሌላ ነገርም ንገሯቸው፤ በ16 ዓመት የተገኘ ኤፍ የዩኒቨርሲቲ ኤፍ ነው፤ ከትራንስክሪፕት አይፋቅም።

እኛ አገር ግን እንዲህ ያለ በር የለም። ከዚህ ሆኖ በኢንተርኔት መመዝገብ ቢቻል እንኳ ክፍያው በዶላር ነው። ቢከፈልስ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባችሁ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው፤ የውጭ ኮርስ እሱን አይተካም።

ታላላቆቻችሁ ግን የዩኒቨርሲቲ ትምህርትን በሁለተኛ ደረጃ ቀምሰውታል። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ቀርቶ ትምህርቱ ወደ 11ኛና 12ኛ ክፍል ወረደ፤ «ፕሪፓራቶሪ» የተባለው ያ ነው። ብዙዎቹ ዲግሪዎችም ሦስት ዓመት ሆኑ። የመምህሩ ዝግጅት፣ ቤተ ሙከራውና መጽሐፉ ግን አብረው አልወረዱም። በ2012 አንደኛው ዓመት፣ «ፍሬሽማን» የሚባለው፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ። ቀጥሎ የመጣውን እናንተም ታውቁታላችሁ። የ2014 ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲፈተኑ፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ አይሞሉም ነበር። ከዚያ ሪሚዲያል መጣ፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተቀምጦ መማር ማለት ነው። የሚኒሶታውን ስንመኝ ይህን አንርሳ። ከእነሱ የሚለየን መጀመሪያ የመሠረቱ ጉዳይ ነው፤ 9ኛና 10ኛ ክፍል ላይ ሒሳብና እንግሊዝኛ ያልያዘን ልጅ ቀድሞ ኮሌጅ ማስገባት አይጠቅመውም።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልግባ። ሰላ ድንጋይ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ እየተማረ ከፍተኛ ትምህርት የሚማር ልጅ አለ፤ ማንም እንዲያ ብሎ አይጠራውም እንጂ። ቀን ዩኒፎርም ለብሶ ፊዚክስ የሚማረው፣ ማታ የኔታ ዘንድ የሚቀመጠው ዲያቆን ነው። ንባብና ዳዊት ጨርሶ ዜማውን ቀጽሎ ቅኔ ቤት ከገባ፣ የያዘው ትምህርት በየትኛውም ሚዛን ከፍተኛ ትምህርት ነው። መጀመሪያ የግእዝ ግስ በቃሉ ያጠናል። ከዚያ ሁለት ቤት ባለው ጉባኤ ቃና ይጀምርና ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ፣ ዋዜማ እያለ ወደ ሥላሴ፣ ወደ መወድስ ይወጣል። በየደረጃው የሚጠበቅበት ትናንት የሰማውን መድገም አይደለም፤ ሰምና ወርቁ የተስማማ፣ ዜማው ያልተሰበረ፣ ከዚህ በፊት ያልተባለ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ መንገር ነው። የኔታ እዚያው ያርሙታል። ያን የሚያደርገው ሰውነትን በሚያቆራምደው የሰላ ድንጋይ ብርድ፣ በሌሊት፣ በማግስቱ ደግሞ የኬሚስትሪ ፈተና እየጠበቀው ነው። እኔም በዚህ አልፌአለሁ። ከማሕሌት አድሬ አርፍጄ ስደርስ አንድ መምህር «ወይ ቄስ ትምህርት ቤቱን፣ ወይ ይህን ምረጥ» ያሉኝን አልረሳም። ሁለቱንም ይዤ ጨረስኩ፤ አብረውኝ ከነበሩት አንዱን የተዉ ግን ብዙ ናቸው፤ ስለ እነሱ ዛሬም ይቆጨኛል።

ሁለቱ ትምህርቶች መተዋወቅ አይችሉም የሚል ካለ የቅድስት ሥላሴ ኮሌጅን ታሪክ ይመልከት። በ1935 አዲስ አበባ ላይ ትምህርት ቤት ሆኖ ተከፈተ፤ ኋላ ወደ ኮሌጅነት አደገ። በ1954 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት የነገረ መለኮት ኮሌጁ አንድ ክፍል ሆኖ ገባበት። የቤተ ክርስቲያን ትምህርትና የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ በአንድ ጥላ ሥር ነበሩ ማለት ነው። ደርግ ኮሌጁን ዘጋው፤ በ1980ዎቹ እንደገና ተከፈተ፤ ዛሬም ያስተምራል። ከአብነት ትምህርት ጋር 12ኛን ለጨረሰ ልጅ አንዱ መንገድ ይህ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በፊሎሎጂ እስከ ዶክትሬት ያስተምራል፤ እዚያ ግእዝን ከነቅኔው የሚያውቅ ተማሪ ብራናውን ከማንም ቀድሞ ይከፍተዋል።

ስለዚህ ዲያቆን ወንድሞቼ፣ ቅኔውንም 12ኛንም አትልቀቁ። ፈተና ሲቃረብ ለየኔታ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ማስረዳት ከቻላችሁ ብዙዎቹ መምህራን ፋታ ይሰጣሉ። የጨረሳችሁትን ደረጃ አስመስክራችሁ በማኅተም የተደገፈ ወረቀት ያዙ። የተመዘገበ ነገር ከሌለ ነገ የት እንደደረሳችሁ የሚያውቅላችሁ አይኖርም።

ለሰላ ድንጋይና ለአካባቢው ርእሳነ መምህራን የምለምነው ሁለት ነገር ነው። የልጁን የአብነት ምስክር ወረቀት ተቀብላችሁ ከውጤቱ ጋር በፋይሉ አስቀምጡለት። ከማሕሌት አድሮ ሲያረፍድ ደግሞ በር ላይ አትመልሱት፤ አስገቡት።